ደረቁ ቦይ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የሌሊት ፈረቃ በምሠራበት ፋብሪካ፣ አንድ ቁጥር ደጋግሜ ጻፍኩ። 11። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 11፣ 8 ሰዓት ላይ 11፣ 10 ሰዓት ላይ 11። በማግስቱም 11። ያንን ደብተር ዛሬ አውጥቶ የሚያገላብጥ ሰው ቢኖር፣ እዚህ አገር ከተተከለ የአሞኒያ ማቀዝቀዣ ማሽን ሁሉ እንደዚህ ያለ ጨዋ የለም ይል ነበር። እውነቱ ግን ግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ድረስ ሄጄ ያየሁባቸው ሌሊቶች ካልሄድኩባቸው ያንሱ ነበር።

ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ ስል ሰው ወዲያው የቤቱን ፍሪጅ ያነሳብኛል። «ጋዙ አልቆበት ነው መሰለኝ፣ በስንት ትሞላልኛለህ?» ጋዝ እንደ ናፍጣ አይደለም፣ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ይተናል፣ ፈሳሽ ይሆናል፣ ተመልሶ ይተናል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ወጣ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላላችሁ ሰው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ እየያዘ ነው። ይህን ስናገር የሙያ ጓደኞቼ አይወዱልኝም፤ ይሁን።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት በፍሪጅ ሳይሆን በአሞኒያ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቢራ ፋብሪካ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት በአብዛኛው የራሴ ስለሆነ ስሙን ማንሳት ደግ አይደለም። ቢራ ሲባል ሰው የሚታየው የሚፈላ ጋን ነው። ግማሹ ሥራ ግን ብርድ ነው። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ያንን ሙቀት በየሰዓቱ እየተከታተሉ ካላወጡለት ጣዕሙ ይበላሻል። ሲያልቅ ደግሞ ወደ ዜሮ ዲግሪ ወርዶ ለሳምንታት መተኛት አለበት። ስለዚህ ከጋኖቹ ጀርባ፣ ጎብኚ በማይገባበት በኩል፣ ሌት ተቀን የሚያጓራ የማሽን ክፍል አለ።

እግረ መንገዴን አንድ የምወዳት ታሪክ ላንሳ። ጀርመን አገር፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 የወጣ አዋጅ ቢራ መጥመቅ የሚፈቅደው ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ ነበር፤ በነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23። ሙቀት ሲገባ የተጠመቀ ቢራ ይበላሽባቸው ስለነበር ነው። በ1870ዎቹ ካርል ቮን ሊንደ የተባለ መሐንዲስ ለሙኒክ ጠማቂዎች የማቀዝቀዣ ማሽን ሠራላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ማሽኑን በአሞኒያ አስነሳው፤ ብርድ መጠበቅም ቀረ። ያ የእኛ የማሽን ክፍል ከዚያ ማሽን ብዙ የራቀ አልነበረም። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር አዲስ፣ ሰሌዳው ዲጂታል ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራው ሥራ ያው ነው።

አሞኒያ ጠባዩ ግልጽ ነው። አይደበቅም። ጋጣ ውስጥ የገባ ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ እዚያ ያለው ግን የልጅ ልጁ ነው፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ያለው ራሱ ነው። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ይመደባል፤ አፍንጫ ግን ገና 20 እና 30 ሳይሞላ ይነግርሃል። መዳብና ነሐስ ይበላል፤ ስለዚህ ቱቦው ሁሉ ብረት ነው። አንድ ጊዜ ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ርካሹን መርጦ፣ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቫልቭ አመጣልን። በጣም ቆንጆ ነበር። እስካሁን የአንድ ሰው ቢሮ ላይ ወረቀት እንዳይበር ተጭኖ ያለ ይመስለኛል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ይቅር። ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ (የማዞሪያ ቀበቶ)፣ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) እያሉ ነው የሚያወሩት፤ ካታሎግ ላይ ያለውን ስም ስጠራ «እሱ ደግሞ ማነው?» ይሉኛል። ጓርኒሲዮን ሲቆርጡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ወረቀቱን ፍላንጁ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ብረት፣ ላይ ያነጥፉና በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ይደበድቡታል፣ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፤ ብረቱ ራሱ ልኩን እየቆረጠ ያወጣዋል። የቡሎን ቀዳዳዎቹን በኳስ ጭንቅላቱ አንድ አንድ ጊዜ መታ። መቀስ አይነኩም። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ወራት በሚያስጠብቅበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

አሞኒያ የሚያፈስበትን ቦታ ሲፈልጉም እንዲሁ ነበሩ። ድኝ የተነከረ ክር ይለኩሱና በየመጋጠሚያው ዙሪያ ያዞሩታል። አሞኒያ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ቀጭኑ ጭስ ወፍራም ነጭ ይሆናል። በዓይን የማይታይ ነገር ጣት የሚያህል ጭስ ሆኖ ሲቆም ማየት፣ እኔ ዛሬም አይሰለቸኝም።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ግን በአሞኒያ ሳይሆን በቫኪዩም ፓምፕ ነው። ላቦራቶሪው የራሱ ትንሽ የፍሪዮን (የፍሪጅ ጋዝ) ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ተከፍቶ ተጠግኖ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት መውጣት ነበረበት። መመሪያው መርፌው 30 ኢንች እስኪጠጋ ይላል። እኔ ፓምፑን አስነሳሁ። መርፌው ሄደ ሄደና 22 ተኩል ገደማ ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። የሚያፈስ ቦታ አለ ብዬ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና አጠበቅኩ። የፓምፑን ዘይት ቀየርኩ። ሌላ ቱቦ አመጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ በሳሙና አረፋ እየቀባሁ ስዞር አደርኩ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ጠዋት ገቡ፣ ሻያቸውን ይዘው ጌጁን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ የት ነው ያለኸው?»

«ላቦራቶሪ...»

«ምጽዋ ብትሆን 30 ይሞላልህ ነበር። አንተ ያለኸው እንጦጦ ሥር ነው። የሌለ አየር ከየት አምጥተህ ነው የምታወጣው?»

ነገሩ ይኸው ነው። ጌጅ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አየር 30 ኢንች ያህል ሜርኩሪ ይሸከማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ባዶ ከሆነ በኋላ ከ23 በታች ላይ ይቆማል፤ ፓምፑ እስከ ፋሲካ ቢሽከረከር ሌላ የሚወጣ ነገር የለም። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽምብራ ቆላ ካለው ዘመዳችሁ ቤት ይልቅ እናንተ ጋ የሚቆየውም እንዲሁ። (አሁን ማይክሮን ጌጅ ይዤ ነው የምሠራው፤ እሱ የውጭውን አየር አይቆጥርም። ያኔ ግን አንድም አልነበረንም።)

ከዚያ በኋላ ከፍታው በየቦታው ይታየኝ ጀመር። ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱ የሚነገርለት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰርም (ትኩሱን ጋዝ ፈሳሽ የሚያደርገው ክፍል) ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሠራልህም። ጌጁ ፊት ላይ በቀለም የታተመው የሙቀት ቀለበት ራሱ የተሠራው ለባሕር ጠረፍ ነው። አሞኒያ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሆኖ እዚህ ቀለበቱ ከዜሮ በታች 8 አካባቢ ያሳይሃል። ሁለት ዲግሪ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። በየሁለት ሰዓቱ የሚሞላ ሰንጠረዥ ነበር፤ የመምጠጫ ግፊት፣ የመግፊያ ግፊት፣ የዘይት ግፊት፣ አምፔር፣ ብርዱን ወደ ጋኖቹ የሚያደርሰው ፈሳሽ፣ የግላይኮሉ፣ መውጫና መመለሻ ሙቀት፣ እና ሌላም። አንዳንዱ ጌጅ ፊት ለፊትህ ነው፣ አንዳንዱ ከታንኩ ጀርባ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጣሪያ ላይ በብረት መሰላል የሚወጣ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ዝናብ ውስጥ። መጀመሪያ አንዷን ዘለልኩ። የዘለልኳትን ከላይኛው መስመር ቀዳሁ። ጠዋት የፈረቃ ኃላፊው ፈረመ፤ ሳያይ ፈረመ፣ እኔም ሳላይ እንደጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው። እጅ ራሱ ይጽፈዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅም 11 ነበር የሚጽፈው፤ እሱ አይቶ ይሁን ሳያይ አላውቅም፣ መጠየቅም አልፈለግኩም።

ያ 11 ብዬ የምጽፈው፣ በባር የሚለካው የመግፊያ ግፊት ደግሞ ከቁጥሮቹ ሁሉ ወሬኛው ነው። ኮምፕረሰሩ የጨመቀው ትኩስ አሞኒያ ጣሪያ ላይ ወዳለው ኮንደንሰር ይሄዳል፤ እዚያ ቱቦዎቹ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ፋን ይነፋል፣ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ለዚህ ሥራ ሸጋ ነው። ሙቀቱ በደንብ ሲወጣ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ሲከለከል ይወጣል። ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ያንኑ ብርድ ለማምጣት ይበልጥ ይታገላል፤ ኮንደንሰሩ ላይ ያለው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የመብራት ወጪው ከመቶ 2 እስከ 3 ይጨምራል ይባላል፣ እኔም ያየሁት ከዚያ አይርቅም።

ፋሲካ ሊገባ ሲል ሆነ። የሁዳዴ የመጨረሻ ሳምንታት ፋብሪካው የሚያብድበት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ጋን ሙሉ፣ ሁሉም ማሽን በርቷል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ዋናው ኮምፕረሰር በከፍተኛ ግፊት ራሱን አጠፋ። ጣሪያ ላይ ሲወጡ የአንዱ ፋን ቺንጊያ ተበጥሶ ወድቋል። ተቀየረ። ማሽኑ ተነሳ። መርፌው ግን 13.2 ላይ ቆመና አልወርድም አለ።

እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ አስጠሩኝ። ስደርስ ወጣቱ መሐንዲስ ደብተሩን ዘርግቶ ቆሟል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አሁን ትልቅ ቦታ ደርሷል። «ትናንት ሌሊት 11። ከትናንት ወዲያ 11። ወሩን ሙሉ 11። ዛሬ 13.2። በአንድ ቀን እንዲህ የሚያደርግ ነገር አንድ ብቻ ነው» አለ። ያለፈው ሳምንት ኮምፕረሰሩ ለኦቨርሆል፣ ለሙሉ እድሳት፣ ተከፍቶ ነበር። ሲዘጋ አየር ገብቶ ቀርቷል፤ አየር ደግሞ ፈሳሽ ስለማይሆን ኮንደንሰሩ ውስጥ ተሰብስቦ ቦታ ይይዛል፣ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ሐሳቡ እንከን የለውም። ደብተሩ እውነት ቢሆን ኖሮ።

ማረጋገጫውም በመጽሐፍ ያለ ነው። ኮምፕረሰሩን ታቆማለህ፣ ውሃውና ፋኑ ይቀጥላሉ፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ከውሃው ሙቀት ጋር እኩል እስኪሆን ትጠብቃለህ። ከዚያ ጌጁን ከአሞኒያ የሙቀትና የግፊት ሠንጠረዥ ጋር ታስተያያለህ። ንጹሕ አሞኒያ በ20 ዲግሪ ሠንጠረዡ ላይ 7.6 ባር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ የአየር ነው። ውሃው 20 ነበር። ጌጁ 7.8 አሳየ።

«ይኸው!» አለ መሐንዲሱ። ቱቦ ተቀጠለ፣ ጫፉ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ገባ፣ ቫልቩ በትንሹ ተከፈተ። አየር ማስወጣት ተጀመረ።

ጋሼ በዚያ ሰዓት ነው የመጡት። ምንም አልተናገሩም፤ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አሉና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ይህችን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። አሞኒያ ውሃ ይወዳል፤ ከቱቦው እንደወጣ ውሃው ይውጠዋል። ላይ የሚደርስ አረፋ የለም፤ ልክ ትኩስ ምጣድ ላይ ጠብታ ውሃ እንደሚንጣጣው፣ ከታች ጠጠጠጥ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። አየር ሲሆን ግን ውሃው አይቀበለውም፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስከ ላይ ይወጣል። ባልዲው ውስጥ አንድም አረፋ አልነበረም። መንጣጣት ብቻ።

«ዝጋው» አሉ ጋሼ። «አሞኒያህን ነው ውሃ የምታጠጣው።»

መሐንዲሱ ሠንጠረዡን አሳያቸው። 7.6፣ 7.8። ጋሼ ወረቀቱን አልተቀበሉትም። ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ንገረው» አሉኝ። ያኔ ነው ያ የቫኪዩም ሌሊት ትዝ ያለኝ። ሠንጠረዡ ባሕር ጠረፍ ላይ የተጻፈ ነው። እዚህ ከውጭ የሚገፋው አየር ስለሚያንስ፣ ያው ንጹሕ አሞኒያ ጌጁ ላይ ሩብ ባር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። 7.8 ማለት ልክ ነው ማለት ነው። አየር የለም። ይህን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚመጣውን ጥያቄ ስለማውቀው።

«አየር ካልሆነ» አሉ ጋሼ፣ «በአንድ ቀን ከ11 ወደ 13 ያደረሰው ምንድን ነው? ትናንት 11 ነበር?»

ዝም አልኩ። ሁለት ሰው ያየኛል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ቢራ እየሞቀ ነው።

«አላየሁትም» አልኩ።

መሐንዲሱ ደብተሩን ዘጋው። ጋሼ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «በል መሰላሉን ያዝልኝ» ብቻ አሉኝ።

ጣሪያ ላይ የኮንደንሰሩን መክደኛ ስንከፍት ቱቦው አይታይም። ነጭ ነው። የቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ያ በስንት ዓመት የተጋገረው ቅርፊት። በጥፍሬ ፈለቀቅኩት፣ የዳቦ ልጣጭ ያህል ውፍረት ያለው ስባሪ እጄ ላይ ወደቀ። ከላይ ውሃ የሚረጩት አፈ ጠባብ ቀዳዳዎች ግማሾቹ ተደፍነዋል፤ ውሃው በአንድ በኩል ይወርዳል፣ በሌላ በኩል ደረቅ ነው። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። በአንድ ወርም አይመጣም። መርፌው 11.2፣ 11.5፣ 12 እያለ ወራት ሙሉ ሲናገር ኖሯል፤ ደብተሩ ውስጥ ያስገባለት ሰው ግን አላገኘም። ቺንጊያው የመጨረሻዋ ጭራሮ ነበረች።

ውሃ ሲተን ጨውና ኖራው አብሮት አይተንም፤ ይቀራል። ስለዚህ ከገንዳው ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ እንዲፈስ ይደረጋል፣ አዲስ ውሃ በቦታው ይገባል፣ የቀረው ውሃ ከልክ በላይ አይወፍርም። የማፍሰሻው ቱቦ ከጣሪያው ወርዶ ከማሽን ክፍሉ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ቦይ ይገባል። ጋሼ መጨረሻ ላይ ወደዚያ ወሰዱኝ። ቫልቩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ቦዩ ውስጥ ሣር በቅሏል፣ ሣሩም ደርቋል።

ማን እንደዘጋው እስከ ዛሬ አላውቅም። የከተማ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ወቅት፣ ንጹሕ ውሃ ሌት ተቀን ቦይ ውስጥ ሲፈስ ያየ ሰው ቢዘጋው አይፈረድበትም፤ ምናልባትም ተመስግኖበት ይሆናል። የማውቀው ሌላ ነገር ነው። ቦዩ ከማሽን ክፍሉ ወደ ጥበቃዎቹ ሻይ በምሄድበት መንገድ ላይ ነበር። ስቀጠር እዘለው ነበር፣ ካልተጠነቀቅኩ ጫማዬ ይርሳል። ከዚያ የሆነ ቀን መዝለል ተውኩ። በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጬው አልፋለሁ፣ ጫማዬ ደረቅ ነው፣ ደስ ብሎኛል።

ለበዓሉ በሁለተኛው ኮምፕረሰርና በጸሎት ተወጣነው። ከፋሲካ በኋላ ሁለት እሑድ አጠብነው። ቱቦው ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ጠንካራ አሲድ አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ለስላሳውን፣ በቀጭኑ፣ እየለካን፣ እያቆምን፣ እያጠብን። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦ። አፍንጫዬ ስር ያለው ቆዳ ለሳምንት ተላጠ። ማሽኑ ሲነሳ መሰላሉን ወጥቼ ጌጁን አየሁ። 11.1። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። ጠዋት የፈረቃ ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ቆም አለና «ነጥብ አንዷ ምንድን ናት?» አለኝ።

መሐንዲሱ በኋላ ቁጭ ብሎ አስልቶት ነበር። ከ11 ወደ 13.2 ማለት ኮንደንሰሩ ላይ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ጭማሪ ነው። በመቶኛ አብዙትና ወራቱን ቁጠሩ። ሒሳቡን አሳየኝ፣ ለማንም ግን አላሳየም። ለዚህ ውለታው ዛሬም ባየሁት ቁጥር ሻይ እጋብዘዋለሁ።

አሁን በአብዛኛው የምሠራው ሆለታ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍሎች ነው። ጽጌረዳ ከተቆረጠች በኋላ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ውስጥ ካልገባች ሆላንድ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ ነው። አሞኒያ የለም፤ ፍሪዮን ነው፣ ብዙው 404ኤ የሚባለው ዓይነት። ሽታ የለውም። እውነቱን ለመናገር አሞኒያው ይናፍቀኛል። 404ኤ ሲያፈስ ማንም አያስልም፣ ማንም አይሮጥም፤ ክፍሉ ቀስ እያለ መሞቅ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። አንድ ኪሎው አየር ላይ ሲወጣ ወደ 3,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች ተሰብስበው እነዚህን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ ተስማምተዋል። ፋብሪካዎች ዛሬ አሞኒያ ምን ያህል «አዲስ መፍትሔ» እንደሆነ ሲያወሩ ጋሼ ቢሰሙ እንዴት እንደሚስቁ አስባለሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ኮምፕረሰሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ተመልሶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይቱ ማሞቂያ ሥራውን ሳይጨርስ ቸኩለህ ካስነሳኸው ፈሳሽ ይመጠጣል። ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም፤ የሚሰበረው ብረቱ ነው። አበባው እየሞቀ፣ ሥራ አስኪያጁ አናትህ ላይ ቆሞ፣ «ገና ነው፣ እንጠብቅ» ማለት ከሙያው ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፣ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን ደብተሩን ሰጠኋትና ስትሞላ ከሩቅ አየኋት። አንዱን ጌጅ አይታ ጻፈች፣ ሁለተኛውን አይታ ጻፈች፣ ሦስተኛው ከሣጥን ጀርባ ስለነበር ላይኛውን መስመር አየት አደረገች። ምንም አላልኳትም። ሄጄ ሣጥኖቹን ከጌጁ ፊት አነሳሁ።

ከዚያ ሰሞን ሰንጠረዡ ላይ በእስክርቢቶ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። «የውሃ ማፍሰሻው እርጥብ ነው?» ይላል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብርዱን ከሚሰጠው ክፍል፣ ከኢቫፖሬተሩ፣ የሚቀልጠው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ነው፤ እሱ ከደረቀ ወይ ተደፍኗል ወይ በረዶው አልቀለጠም፣ ሁለቱም ክፉ ነው። ጥራት ክፍሉ መጣና ቅጹ የጸደቀ ስለሆነ መለወጥ አይቻልም አለ። የሚቀጥለው ኅትመት ሲመጣ ዓምዱ የለም። ልጅቷ አሁን በጠርዙ በኩል፣ ከፊርማዋ አጠገብ፣ በትንሽ ፊደል ትጽፈዋለች። ትናንት ሳይ እንዲህ ይላል፤ «ደረቅ። ጋሼ፣ ወጥቼ አየሁት፣ ተደፍኖ ነበር፣ ጠርጌዋለሁ።»